የተደፈነው የጎን በር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኢላንጎ፣ ባሕር ማዶ ፔናንግ፤

ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህን የያዘህ ነገር ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ፖንኒስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ ግን እምቢ ብሎናል፤ ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል።

ባለፈው በስልክ፣ ያንን ሰውዬ ለፈጣሪ ስጪው ብለኸኝ ነበር። አልሰጠሁትም። ይኸው ያደረግኩትን ከእኔው አፍ ስማ።

አንተ ያኔ እዚህ ስላልነበርክ ነገሩን የሰማኸው በቁንጽል ነው። እናታችን ታያማል የስኳር ሕመሟን ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ በጋለው ድንጋይ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ተሰለፈች። ከፊቷ ሁለት ሰው ሲቀር የቤተ መቅደሱ አስተዳዳሪ ሳባፓቲ ለሠርግ የመጡ ዘመዶቹን በጎን በር አስገባ። እነሱ እስኪወጡ የቀትሩ መባ ደረሰና የእናት አምላካችን የአማን መጋረጃ ተሳቦ ተዘጋ። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ፊቷን ልይ ብላ ብትለምነው፣ «አሮጊት፣ ነገ ነይ፤ አማን የትም አትሄድ» አላት። እግሯ ተላልጦ አመረቀዘ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርናት።

አምና ሳባፓቲ ከሹመቱ ወረደ። አዲሶቹ ሹሞች የምዕመናኑን እንግልት የሚያቃልል ሰው ሲፈልጉ እኔ አለሁ አልኩ። ከበሩ እስከ መጋረጃው የኮኮናት ገመድ ምንጣፍ አስነጠፍኩ፤ በላዩም የዘንባባ ዳስ አስጣልኩ። ለአረጋውያን አግዳሚ ወንበርና የራሳቸው ሰልፍ አበጀሁ፤ ለተጠማም ዝንጅብል የገባበት አሬራ አለ። ሕዝቡ ይመርቀኛል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግኩት የጎን በሩን በጡብ ማስደፈን ነበር።

ባለፈው ዓርብ ሳባፓቲ መጣ። በማግስቱ የዓይኑ ሞራ ሊገፈፍለት ነውና፣ ምናልባት ብርሃኑ ቢጠፋ፣ አማንን ሳያይ መቅረት ፈርቷል። በዳበሳ ወደ ጎን በሩ ሄደና እጁ ጡብ ላይ አረፈ። ከዚያ የአረጋውያኑን ሰልፍ ጠየቀኝ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰልፉ ከሰባ ይጀምራል። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከሌላው ሰው ሰልፍ ጅራት አሰለፍኩት።

ከፊቱ ሦስት ሰው ሲቀር ቀትር ሆነ። ካህኑ ትንሽ ልጠብቅ ወይ በሚል ዓይን አየኝ፤ አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፣ መጋረጃውም ተሳበ። «ነገ ይምጡ፣ አማን የትም አትሄድ» አልኩት።

«ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ።

«የታያማል ልጅ ነኝ።»

«የትኛዋ ታያማል?»

ጋሼ፣ ቢዋሸኝ ደስ ባለኝ። አልዋሸም፤ ከነጭራሹ አያስታውሳትም። በነጋታው እስኪመሽ ድረስ እህል አልቀመስኩም። እኔ ስንት ዓመት ስንገበገብ፣ እሱ በሰላም ሲተኛ ኖሯል።

ትናንት ሞራው በደህና እንደተገፈፈለት ሰማሁ። እሰይ ብያለሁ፣ ከልቤ። በዳሱ መግቢያ ላይ ክንድ በሚያህል ፊደል «ታያማል እዚህ ቆማ ነበር» ብዬ አስጽፌያለሁ። አማንን ማየት የፈለገ ሁሉ በሥሩ ያልፋል፤ አሁን ደግሞ እሱም ማንበብ ይችላል።

ፖንኒን ሰላም በልልኝ፣ ኩላሊቷን ትታከም። ማላር በትምህርቷ ትበርታ። ትንሹን ሴንዲልን ጉንጩን ሳምልኝ፤ አማትህንም እጅ ነስቻለሁ በልልኝ።

እህትህ ቫዲቩ
ናላምፓቲ፣ በቺቲራይ ወር በ22ኛው ቀን