ባሕር ማዶ ያለችኝ ቋጥኝ

ሰኞ፣ ግንቦት 21

ሳልህ አገሩ ሊገባ ነው። ከማርያም ስመለስ ሰማሁ። ሱቁን ሽጧል። ቅዳሜ በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ የመን። እናቱ ደክማ ና ብላዋለች አሉ። አጥር ተደግፌ ቆምሁ።

የልጄ የአስናቀ ብር እሱ ዘንድ ነው። ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት እያስተማረ ያጠራቀመው፣ ጓሮ ለጀመረልኝ ቤት የቆርቆሮ መግዣ ነበር። የሳልህ ዕቃ በእሳት ሲጋይ አውጥቶ አበደረው። መያዣው የመን ያለ የሳልህ መሬት፣ በወለድ አገድ። ብሩ እስኪመለስ አበዳሪው እያረሰ ይበላል፤ ልክ እዚህ እንደምናደርገው። ተዋውለው ሲመጣ፣ «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባሕር ማዶ መሬት ያለው ሰው እናት ነሽ» ብሎ ሳቀ። እኔ ተቆጣሁት። ምነው ባልተቆጣሁት።

በዚያው ክረምት ተስቦ ወሰደው። ቤቱ ጣራ ሳይለብስ ቀረ። አምና ሣር ጣል ጣል አድርገንበት ተረፈ። ዘንድሮ ግን ሣሩ በስብሷል፤ ክረምቱ ከገባ ግድግዳው ይሟሟል። ጭቃውን የመረገው እሱ ራሱ ነው። የጣቶቹ ፋና እስካሁን አለ።

እጄ ቀርፋፋ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ይብቃኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 22

ወንድሜ አያሌው መጣ። «ዕግድ እናውጣበት፤ ፍርድ ቤት ሳይቆም ንቅንቅ አይላትም» አለ። መሬቱን ሳነሳበት ተንከተከተ። «የመን? እቴ፣ በሬ ጠምደሽ ባሕሩ ላይ ልትነጂ ነው?»

እስከ ዓርብ ታገሠኝ አልሁት። ዕግድ ከወጣበት እናቱ ዓይኑን ሳታይ ትሞት ይሆናል። ይህን ለአያሌው አልነገርሁትም።

ከሰዓት ሱቁ ሄድሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው። አስናቀ ልጅ ሳለ ሳልህ ቴምር የሚሰጠው በዚያች መስኮት ነበር። ፍሬውን እየቀበረ ጠዋት ጠዋት ውኃ ያጠጣ ነበር። በዚህ ብርድ የት ይብቀልለት!

ሳልህ ሲያየኝ ተነሣ። «እትዬ ጥሩነሽ፣ ዕዳዬን አልክድም። የሱቁን ብር ሌሎቹ አበዳሪዎቼ ተካፈሉት፤ የቀረኝ የመንገድ ነው። መሬቱ ግን አለ፤ ይረከቡኝ።»

«መሬት የሚረከብ ድንበሩን ያያል። ነገ አሳየኝ» አልሁት። ከአፌ አምልጦኝ ነው። እሱ ግን አልሳቀም።

ሮብ፣ ግንቦት 23

ሱቁ ወለል ላይ ባቄላ ደረደረልኝ። ይህ ተራራው። ይህ እርከኑ፤ ሦስት ነው፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣ በድንጋይ የተካበ። በምሥራቅ የአጎቱ ወይን። በምዕራብ የውኃ መውረጃ። ላይኛው እርከን ጥግ ላይ ቋጥኝ አለች፤ እናቱ ልብስ የምታሰጣባት። ሳልህ እዚያች ጥግ ላይ ጣቱን አኖረ።

«አስናቀም እንዲህ አስደርድሮኛል። ይህችን ጥግ ‹ለእማዬ› አላት፤ ቋጥኟ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች ብሎ።»

«ባሕሩ ይታያል እንዴ?»

«ኧረ የት ተገናኝቶ! ግን ደስ ብሎት ነበር፤ አልነገርሁትም።»

ሳቅን።

ያኔ ዝናብ መጣ። ከኋላ ባለው መጋዘን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መደማመጥ አልተቻለም። አስናቀ፣ «ቤቱ ቆርቆሮ ሲለብስ ዝናቡን ጋደም ብለሽ ትሰሚዋለሽ» ይለኝ ነበር። ቀና ብዬ አየሁ።

«ሳልህ፣ ይህ ቆርቆሮ የማን ነው?»

«የመጋዘኑ ቦታ የኪራይ ነው። ገዢው የወሰደው የፊቱን ሱቅ ብቻ ነው። ቆርቆሮው...» ግንባሩን መታ። «እኔ ደንቆሮ! ራሴ ያለበስሁት ነው፤ የእኔ ነው!»

ሐሙስ፣ ግንቦት 24

ሲነቀል ዋለ። ሳልህ ራሱ ወጥቶ ነቀለ።

የተገኘ፦ ቆርቆሮ፣ ጠርዙ የዛገ። ሚስማር፣ ከተቃና የሚሠራ።
የጎደለ፦ ለጓዳው ጥግ የሚሆን።

አያሌው አገላብጦ አየና፣ «ይህ ቆርቆሮ ነው ወንፊት? የብሩን ግማሽ እንኳ አያወጣም!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ኮቱን አውልቆ የጓሮው ቤት ወራጅ ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖ፣ «ሳልህ፣ እናንተ አገርም ጣራ እንዲህ ነው?»

«የእኛ ጣራ ጭቃ ነው። ዝናብ ያጥረናል። ዕዳ ግን አጥሮን አያውቅም!»

ቤቴ ውስጥ የወንዶች ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

ዓርብ፣ ግንቦት 25

ሳልህ ከጁምዓ ሲመለስ ከአያሌው ጋር የሚስማሩን ቀዳዳ በቅጥራን ደፈኑት። የጓዳው ጥግ በአሮጌ ጣሳ ተለበጠ።

ቀጥሎ የመያዣው መልቀቂያ ነው። ጎረቤት ለምስክርነት ተጠራ። «ቆርቆሮውን ተቀብዬ መሬትህን ለቅቄያለሁ» ማለት አለብኝ። ምላሴ እምቢ አለ። ይህን ካልሁ ያ የአስናቀ ሳቅ አብሮ የሚሄድ መሰለኝ።

«ሦስቱንም እርከን ለቅቄያለሁ፤ የቋጥኟ ጥግ ስትቀር» አልሁ።

«እትዬ፣ ያቺ እኮ ምንም አታበቅልም!»

«አውቃለሁ። ለቀሪው ዕዳ እሷን ይዣለሁ።»

አያሌው፣ «እቴ፣ ኋላ ግብር ክፈይ እንዳይሉሽ» አለ። ሳልህ ግን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «የእርስዎ ናት። ከእንግዲህ እናቴ ልብስ የምታሰጣው እርስዎን አስፈቅዳ ነው።»

«ፈቅጃለሁ በልልኝ» አልሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 26

ልሸኘው አልወጣሁም። የአውቶቡሱን ጥሩምባ ከቤት ሰማሁ። በር ላይ ቴምር በወረቀት ጠቅልሎ ትቶልኛል። በላሁት። ፍሬውን አልጣልሁም።

እሑድ፣ ግንቦት 27

ከቅዳሴ እንደገባሁ ዝናብ ያዘ። ኃይለኛ ነው። አዲሱ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስሁ፤ ደረቅ ነው። ፋናውን አገኘሁና ጣቶቼን አኖርሁበት። የእሱ ይረዝማል።

የጓዳው ጥግ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ሳፋ አድርጌያለሁ። ክረምቱን ይችለው ይሆን? አላውቅም።

ቁርበት አንጥፌ ጋደም አልሁ። ሰማሁት።