ለደባርቁ ወንድሜ፣ ስለ ብቃት ማረጋገጫው

ጎንደር፣ ቁስቋም
ሐሙስ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ብርቄስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የኤሌኒ ሳል ተሻላት? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ጤናዬ ሸጋ ነው፤ ንዴቴን ካልቆጠርነው። እናታችንም ባለፈው እሁድ ከድብ ባሕር ደውላ ደህና ነኝ ብላለች፤ የአንተን ድምፅ ከሰማች ወር እንዳለፋት ግን ሳትነግረኝ አልቀረችም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ሚስትህ ስልክህን ድምፅ ማጉያው ላይ ስለምታደርገው ነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

እንግዲህ አልፌያለሁ። የሰው ሀብት አስተዳደር፣ ደረጃ አራት፣ «ብቁ» ተብያለሁ። በሦስተኛው። የመጀመሪያውን ታውቀዋለህ፤ ቢሮው የብቃት ማረጋገጫ የሌለው በዚህ መደብ አይቀጥልም ሲል፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራተኛ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩት ሴትዮ ፀዳ ምዘና ማዕከሉ ድረስ ሄጄ በጽሑፉ ፈተና ወደቅሁ። በሁለተኛው ጽሑፉን አለፍኩና በተግባሩ መዛኟ ወይዘሮ እጅጋየሁ ያዘጋጀሁትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መለሰችልኝ። ቁጥርና ቀን አልጻፍኩበትም። በየቀኑ ሃያ ደብዳቤ ወጪ አደርጋለሁ እኮ ብላት፣ እዚህ ግን አላደረግሽም አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

በማግስቱ ስደውልልህ የሳቅከውን ሳቅ አልረሳሁትም። «እኔ በአንድ ቀን የጨረስኩትን አንቺ ምነው ዓመት ፈጀብሽ?» አልከኝ። ማስታወሻህን ስለምንህ አንዴ አይጥ በላው፣ አንዴ ለባልደረባ አዋስኩት አልክ። ተግባሩ ላይ ምን ይመጣል ብዬ ስጠይቅህ፣ ቀላል ነው አትጨነቂ አልከኝ። አመንኩህ። ደደቧ እኔ ነኝ ብዬ ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ የሠራተኞች አዋጁን አንቀጽ እንደ ዳዊት ደገምኩት።

ካለፍኩ በኋላ አለቃዬ አቶ ምስጋናው ምን ሥራ ቢሰጠኝ ጥሩ ነው? የየቅርንጫፉን ሠራተኞች ማረጋገጫ ሰብስቤ ለሰጪው መሥሪያ ቤት ልኬ እንዳጣራ። አሁን ብቁ ነሽ አለኝ፣ እየቀለደ። አሥራ አራት ነበሩ። ከደባርቅ ቅርንጫፍ የመጣውን የአንተን ከሁሉም በላይ አደረግሁት። ለምን መሰለህ? ኮርቼ።

መልሱ ትናንት መጣ። አሥራ ሦስቱ ትክክል ናቸው። በአንዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን በመዝገባቸው የተሰጠው ለአንዲት የምግብ ዝግጅት ተመዛኝ ነው ይላል። አራት ጊዜ አነበብኩት። እስካሁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እስቲ ንገረኝ፤ የትኛው ክፍል ገብተህ ተመዘንክ? መዛኝህስ ማን ነበር? እኔ ሦስት ጊዜ ስመላለስ በር ላይ የምትፈትሸዋን ጥበቃ የልጆቿን ስም ሳይቀር አውቄያለሁ። አንተ ስለዚያ ግቢ አንድ ነገር ነግረኸኝ አታውቅም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ፣ ብትቀመጥ ታልፍ እንደነበር ማወቄ ነው። አባታችን ባረፈ ዓመት ሁለታችሁም መማር አትችሉም ሲባል ደብተሩን ያስቀመጥከው አንተ ነህ። ከእርሻ ስትመለስ እግርህን ሳትታጠብ የእኔን ሂሳብ የምታርመው አንተ ነህ። ኋላም ልጅ እያሳደግክ በማታ ጨረስክ። ይህን ሁሉ የቻለ ሰው ለአንድ ቀን ፈተና ምን ነካው? ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ጊዜ ስትስቅብኝ ለካ ፈርተህ ኖሯል።

ዛሬ አቶ ምስጋናው የማጣራቱ መልስ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ይሆናል» አልኩት። ይሆናልም። በዚህ አትለምነኝ፤ እናታችንንም አታስለምነኝ። ደብዳቤውን ልቅደደው ብዬ ሁለት ጊዜ ከመሳቢያ አውጥቼዋለሁ፤ ሁለቴም መልሼዋለሁ። በገዛ እግሩ ቀድሞ የመጣ ሰውና ተይዞ የተገኘ ሰው በአለቃዬ ዘንድ እኩል አይታዩም። ከመደቡ ቢነሳ እንኳ ከሥራው ላይወጣ ይችላል። ይህ ይሆናል ብዬ ማረጋገጫ ግን አልሰጥህም፤ አላውቅም።

ከዚህ ጋር ማስታወሻዬን በሙሉ ልኬልሃለሁ። የሚቀጥለው ዙር የምዘና ምዝገባ ቅጽም አለበት፤ ሞልቼዋለሁ፣ የቀረው ፎቶና ፊርማህ ነው። የሚኒባሱን ሾፌር ወልደኢየሱስን በእጅህ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ማኪና ና። መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ፤ ከዚያ አብረን አቶ ምስጋናው ቤት እንሄዳለን። ብቻህን አትገባም።

እግዚአብሔር ድፍረቱን ይስጥህ፤ ትዳርህን ይባርክልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

ያስተማርካት ታናሽ እህትህ