የሦስተኛው ቤት ጭስ፦ የወይዘሪት ፖሊክሴኒ ዚሲ የሕይወት ታሪክ (1944–2019)

ባለፈው ፌብሯሪ፣ የመንደራቸው በጎ አድራጊ ከሚታሰቡበት እሑድ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ወይዘሪት ፖሊክሴኒ ዚሲ ለመታሰቢያው የቀቀሉትን ስንዴ በጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ ዘርግተው እንዲደርቅ በመዳፋቸው ያሳሱት ነበር። ስንዴው እርጥብ ከሆነ ከላይ የሚነሰነሰው ስኳር ይቀልጣል። አጠገባቸው ለነበሩት የእህታቸው ልጆች፣ ቀና ሳይሉ፣ «የእኔን ታሪክ ስትጽፉ አጭር አድርጉት። ቤተ ክርስቲያናችን ይበርዳል፤ ሰውም ቆሞ ነው የሚሰማችሁ» አሏቸው። ቤተሰቡ ቃላቸውን ለማክበር የሚችለውን አድርጓል።

ወይዘሪት ፖሊክሴኒ ከአባታቸው ከግንበኛው ከአቶ ላምብሮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃይዶ እ.ኤ.አ. በ1944 በግሪክ አገር በኤፒሮስ ተራሮች፣ በካሪዮ መንደር ተወለዱ። ዘመኑ የጦርነት ስለነበር ቀኑን የመዘገበው የለም። እናታቸው «ወይን በሚለቀምበት ሰሞን ነው» ይሉ ስለነበር፣ ወይዘሪት ፖሊክሴኒም ልደታቸውን ወይኑ በደረሰበት ቀን፣ በየዓመቱ በተለያየ ቀን ሲያከብሩ ኖረዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የተማሩት የመንደሩ ተወላጅ ሉካስ ማንዳስ ባሠሩት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃን ዮአኒና ከተማ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ጨረሱ። በ1962 ተሰሎንቄ ወርደው ሕግ አጠኑ፤ በ1967ም በጥሩ ውጤት ተመረቁ። ከዚያ በላይ መማር ይፈልጉ ነበር። የሚያጠኑትንም ያውቁ ነበር፦ ባል የሞተባት የመንደር ሴት ጡረታ እንዴት ልታገኝ እንደምትችል።

እዚህ ላይ ስለ አቶ ማንዳስ ጥቂት መናገር ይገባል። አቶ ማንዳስ በአሌክሳንድርያ ጥጥ ነግደው የበለጸጉ ሰው ነበሩ። በ1931 ሲያርፉ ሀብታቸውን ለከፍተኛ ትምህርት ተናዘዙ። ኑዛዜው በየዓመቱ አንድ ተማሪ፣ ድሃው፣ በሽተኛውና ሽማግሌው በመንግሥት እንዴት እንደሚጠበቁ የሚያጠና፣ ወጪው ተችሎለት ይማር ይላል። ነገር ግን ተማሪው በፌብሯሪ፣ በመታሰቢያቸው እሑድ፣ ካሪዮ ድረስ ወጥቶ ጥናቱን ለሕዝቡ በቃሉ ማስረዳት አለበት። ወሩ ሳያልቅም በክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ጭስ የሚወጣባቸው የሦስት ቤቶች ባለቤቶች ሰምተው እንደገባቸው መፈረም አለባቸው። ክረምት ያሉት ሆን ብለው ነው። በበጋ ለመዝናናት የሚመጣው የከተማ ሰው ያገኘውን ሁሉ ፈርሞ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር። አንድ ዓመት ሦስቱ ፊርማዎች ካልሞሉ ሀብቱ ለወንድማቸው ወራሾች ይመለሳል። ወራሾቹ ማርሴይ ይኖራሉ፤ ጠበቃቸውም በየዓመቱ «ዘንድሮስ እንዴት ሆነ?» የሚል አጭር ደብዳቤ በትሕትና ይጽፉ ነበር።

ወይዘሪት ፖሊክሴኒ በ1967 ለዚህ ዕድል አመለከቱ። ፈንዱን የሚያስተዳድረው ቦርድ የዚያን ጊዜው ሊቀ መንበር ማመልከቻውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል። ፈንዱ ጸሐፊ ይፈልጋል» አሏቸው። በነጋታው ሥራ ጀመሩ። በዚያው ወንበር ላይም ሠላሳ ሰባት ዓመት ተቀመጡ።

ማመልከቻዎችን ሦስት ሦስት ጊዜ ያነቡ ነበር፤ አንዴ ለሐሳቡ፣ አንዴ ለቋንቋው፣ አንዴ ደግሞ አመልካቹ ለመጻፍ ላፈረበት ነገር። የተመረጠውን ተማሪ ወደ ካሪዮ ይዘው የሚወጡት ራሳቸው ናቸው። መንገድ ሳይሠራ አውቶቡሱ ከሚቆምበት በበቅሎ ነበር የሚሄዱት። ለተማሪው ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሳይዙ ተነሥተው አያውቁም። ያን ጊዜ መንደሩ ሙሉ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ስንዴውን በወረቀት ከረጢት ይዞ ወደ ቡና ቤቱ ይገባል። አሮጊቶቹ ሹራባቸውን እየሠሩ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹ ከምድጃው ዙሪያ ይቆማሉ፤ መስኮቱ በትንፋሽ ይደበዝዛል። በ1972 አንድ ተማሪ ስለ ትንባሆ ሠራተኞች መድን ሲያስረዳ አንዲት አሮጊት አቋርጠው፣ እሱ እዚህ ሲለፈልፍ እናቱን ማን እየጦረለት እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ ንግግሩን ትቶ ስልክ ሊደውል ወጣ። ሲመለስ ሁሉም ፈረሙለት። ወይዘሪት ፖሊክሴኒ ይህን በተናገሩ ቁጥር ይስቁ ነበር።

ትዳር አልመሠረቱም። በ1974 የላሪሳ ከተማ ፋርማሲስት የሆኑ ጨዋ ሰው ጠይቀዋቸው ነበር። እሳቸው ፌብሯሪ እስኪያልፍ እንዲታገሷቸው ለመኑ፤ ሰውየው አልታገሡም። ከዚያ በኋላ ስማቸው ሲነሳ፣ ወይዘሪት ፖሊክሴኒ ለሰውየው መልካም ከመመኘት በቀር ክፉ ሲናገሩ የሰማ የለም።

በሕይወታቸው ከሁሉ የከበዳቸው ነገር የደረሰው በ1988 ነው። ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩት ስለነበር እዚህም አይዘለልም። የዚያ ዓመት ተማሪ ብሩህ ወጣት ነበር። «የአገልግሎት ማዕከላትን ምክንያታዊ መልሶ ማደላደል» የሚል ጥናቱን አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበ። የገባው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያን በመሰለ የተማረ ልጅ ፊት አልገባኝም ማለት ሕዝቡን አሳፈረው። በረዶው እየጣለ ነው፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባ ይነፋል፤ የተጠበሰው ፍየል ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል። ሦስት ሰዎች ፈረሙ። ጥናቱን በጽሕፈት መኪና የመቱት ወይዘሪት ፖሊክሴኒ ናቸው፤ ምን እንደሚል ያውቁ ነበር። መዝገቡን አቀበሉ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ወጣት በአንድ የጤና ጽሕፈት ቤት አማካሪ ሆነ። በጥናቱም መሠረት ከመቶ ሰው በታች ወደሚኖርባቸው መንደሮች በየሐሙሱ ይወጣ የነበረው ሐኪም ቀረ። ካሪዮ ሰማንያ ሁለት ሰው ነበራት። ሕዝቡ በ1988 ሰምተናል፣ ገብቶናል ብሎ የፈረመው ሐኪሙ እንዲቀርበት ነበር። በተከታዩ ጃንዋሪ ከፈራሚዎቹ የአንዱ የጋሽ ኮስማስ ባለቤት ወይዘሮ ሌኒዮ ሳንባቸውን ታመው ወደ ከተማ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ጋሽ ኮስማስ ዮአኒና ወርደው ወደ ወይዘሪት ፖሊክሴኒ ቢሮ ገቡ። ይቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም።

«እኔ ያልገባኝን ፈረምኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «አንቺ ግን ፖሊክሴኒ፣ ገብቶሽ ነበር።»

ይህን ብለው ወጡ። ወይዘሪት ፖሊክሴኒ በዚያው ሳምንት ሥራ ለመልቀቅ ጻፉ፤ ቦርዱ አልተቀበላቸውም። ከዚያ ወዲህ በየመታሰቢያው እሑድ በቡና ቤቱ በር ላይ ቆመው ለሚገባው ሁሉ፣ ያልገባው ሰው እንዳይፈርም ይናገሩ ነበር። አንዳንድ ተማሪ ይቀየማቸው ነበር።

በ2004 ጡረታ ሲወጡ ሁሉም ከተማው ውስጥ የሚኖሩ መስሎት ነበር። አፓርትማቸው ማሞቂያ አለው፤ ጓደኞቻቸውም እዚያው ናቸው። እሳቸው ግን የአባታቸውን ቤት ጣሪያ አስጠግነው፣ በኖቬምበር ብርድ ልብሳቸውን በታክሲ ጭነው ወደ ካሪዮ ወጡ። በኑዛዜው መሠረት ለፈንዱ የሚሠራ ሰው መፈረም አይችልም፤ ሥራውን የለቀቀ ግን ይችላል። ክረምቱን የሚቀመጡ ቤቶች በየዓመቱ ሲቀንሱ ያዩ ስለነበር አስቀድመው አስበውበት ነበር። ጋሽ ኮስማስ ጭሱን ከሩቅ አይተው ማን እንደገባ ጠየቁ። ሲነገራቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በነጋታው ጠዋት ግን አንድ ሸክም ፍልጥ እንጨት ከወይዘሪት ፖሊክሴኒ ደጅ ተቀምጦ ተገኘ።

ፈንዱ ከምንጊዜውም በላይ የተፈተነው በ2013 ነው። አገሩ በችግር የተመታበት ጊዜ ነበር። ዕድሉ የደረሳት ሜልፖ ካራና የምትባል የቮሎስ ከተማ ልጅ ናት፤ ያለዚያ ፈንድ ትምህርቷን መቀጠል አትችልም ነበር። በካሪዮ ክረምቱን ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች ሦስት ብቻ ቀርተዋል፦ የጋሽ ኮስማስ፣ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ስቴርጊያኒና የወይዘሪት ፖሊክሴኒ። ሜልፖ ምድጃው አጠገብ ቆማ አርባ ደቂቃ አነበበች። ስትጨርስ ጋሽ ኮስማስ እስክሪብቶውን ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ ደክመሻል፤ ያስታውቃል። ግን አልገባኝም።»

«የቱ ጋ ነው ያልገባዎት አባባ?»

«ከ‹እንደምን ዋላችሁ› በኋላ ያለው።»

በሁለተኛውም እሑድ አልፈረሙም። የማርሴዩ ጠበቃ ከወትሮው ቀድመው ደብዳቤ ጻፉ። አዲሱ ሊቀ መንበር ወደ ወይዘሪት ፖሊክሴኒ ደውለው፣ ጋሽ ኮስማስን እንዲያግባቡላቸው ለመኑ፤ ነገሩም የአንድ ፊርማ ጉዳይ መሆኑን ነገሯቸው። ስልኩ አጠገብ የነበሩት ወይዘሮ ስቴርጊያኒ የሰሙትን መልስ እስከ ዛሬ ይናገሩታል።

«ገብቶኝ አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ፈንዱ ይቅር እንጂ ያንን አልደግመውም።»

ከዚያ ሜልፖን ቤታቸው አስቀመጧት። ወረቀት መያዝ ከለከሏት። ማዕድ ቤት ተቀምጠው ባቄላ እየለቀሙ፣ ጥናቷን በቃሏ እንድትነግራቸው አደረጉ። ከአፏ የመጽሐፍ ቃል ባመለጣት ቁጥር ምንም ሳይናገሩ አንድ ባቄላ ብርጭቆ ውስጥ ይጥሉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆው ሞላ። ሜልፖ ሁለት ጊዜ አለቀሰች፤ አንድ ጊዜም ሻንጣዋን ዘግታ እስከ አደባባዩ ሄዳ ተመለሰች። ቅዳሜ ዕለት ብርጭቆው ውስጥ አራት ባቄላ ብቻ ነበር።

በወሩ የመጨረሻ እሑድ ባዶ እጇን ቆመች። አንድ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ቢወድቅ ሰው እስኪደርስለት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስትጠይቅ መክረሟን ተናገረች። ሽማግሌው ከወደቀ በኋላ ለሚተኛበት አልጋ መንግሥት እንደሚከፍል፣ ደጁን አንኳኩቶ እንዴት አደርክ ለሚለው ሰው ግን እንደማይከፍል፣ እሷም ይህ የሚለወጥበትን መንገድ እንደምትፈልግ አስረዳች። ወይዘሮ ስቴርጊያኒ ወደ ጋሽ ኮስማስ ዞሩ።

«እኔ በየጠዋቱ ያንተን ጭስ ሳላይ ቁርሴን አልበላም» አሉ። «አንተ ደግሞ እሳት ለማንደድ የማትነቃ ሰነፍ፤ በረሃብ ልትገድለኝ ነው።»

ጋሽ ኮስማስ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ይኸው፣ ይህን ከመጀመሪያው ብትነግሪን ኖሮ ሦስት እሑድ ባልበረደን» ብለው ፈረሙ። ሲወጡ በወይዘሪት ፖሊክሴኒ አጠገብ ቆም አሉና፣ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ስድስት ክረምቶች፣ ራሳቸው እንደሚሉት፣ የሕይወታቸው ጥሩዎቹ ነበሩ። ከሁለቱ ጎረቤቶቻቸው ጋር ምሳ በየተራ ይበላሉ፤ በካርታ ጨዋታ ይጣላሉ፤ ፌብሯሪ ሲደርስ ስንዴ ይቀቅላሉ።

ባለፈው ኦገስት ልባቸው ደከመ፤ ዮአኒና ሆስፒታል ገቡ። እሳቸው ካለፉ ሁለት ቤት ብቻ እንደሚቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሊቀ መንበሩ አልጋቸው ድረስ መጥተው በምትካቸው ማንን እንደሚጠቁሙ ሲጠይቋቸው፣ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተቀመጥልኝ ብለው ማንንም እንደማይለምኑ፣ ማንም ሰው በእሳቸው ስም እንዳይለመንም ተናገሩ። በየቀኑ እየመጣች ፀጉራቸውን የምታበጥርላቸውን ሜልፖንም አንድ ቃል አልጠየቋትም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 27 ቀን 2019 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ወይኑ በዚህ ዓመት ቀድሞ ስለደረሰ ልደታቸውን አክብረው ነበር።

ወይዘሪት ፖሊክሴኒ እህታቸውን ወይዘሮ አስፓስያን፣ ሁለት የእህት ልጆችን፣ ጎረቤቶቻቸውን ወይዘሮ ስቴርጊያኒንና ጋሽ ኮስማስን፣ እንዲሁም እጃቸውን ይዘው ወደ ተራራው ያወጧቸውን ሠላሳ ሰባት ተማሪዎች ትተው አልፈዋል። ደካማውን የማይረሳ አምላክ በብርሃኑ አጠገብ ያስቀምጣቸው፤ ብርድ በማይደርስበት ቤት ያሳርፋቸው፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

ዛሬ በዮአኒና የሚያስተምሩት ዶክተር ሜልፖ ካራና በካሪዮ የድሮውን የመምህር ቤት ተከራይተዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን የእንጨት ጭነት ከግድግዳው ጋር ደርድረው ጨረሱ። ጋሽ ኮስማስ ክምሩን በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው እስከ ማርች እንደሚበቃ ተናገሩ። ዶክተር ሜልፖ ሸራ አለበሱት፤ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫኑበት፤ ጓንታቸውንም አውልቀው ከደጃፉ ላይ አስቀመጡ።