ቤት የቀረው ፒንሳ

ይሄነው የልጄ አባት፣ ባለህበት ሰላም ይሁን።

ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ፤ አራተኛው ሊገባ ነው። ከተማችንን ታውቃት የለ፣ ወረቀት ላይ እንጅባራ ትባል እንጂ ለእኛ ያችው ቆሰበር ናት፤ ለዝናብ ሰበብ አትፈልግም፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁራለች። እኔ ነገሬን በመርፌ እንጂ በብዕር ተናግሬ አላውቅም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ለሰው ከተናገርኩት ውስጥ ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። ካንተ በቀር የምነግረው ስለሌለ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ወረቀቱን እላዩ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ወፍጮውን ወንድምህ ፈንታሁን ይዞታል። ድንጋዩን የሚያዞረው የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በተበጠሰ ቁጥር ይሄነው ቢኖር ይላል፤ ወፍጮው ግን ይፈጫል። የጓሮው ድንች ዘንድሮ ደህና ነው። ፈረሱን ሸጥነው፤ ማን እንደገዛው አልጠየቅሁም። ልጅህ ትርንጎ ትምህርቷን ጨርሳ የውሃ ባለሙያ ሆናለች። በየቀበሌው እየዞረች የተበላሸ የእጅ ፓምፕ ትጠግናለች፤ እጇ እንዳንተ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ መሣሪያ አስተምረው ነበር ትል የነበርከው ሰውዬ፣ ብታያት ታፍር ነበር።

ጥቁሩን ኮትህን ለነፍስህ ብለን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰጠን። ከመስጠቴ በፊት የቀኝ ኪሱን ሰፍቼ ልዘጋው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ሽማግሌው ኮትህን ለብሰው ይቆማሉ። ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው፣ አንድ ነገር እንደሚፈልጉ ሁሉ። ሰው ብርዱ ነው ይላል። እኔ ግን እሳቸውን ላለማየት በኋላው በር መውጣት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ወይም አታውቅም። ሦስት ዓመት ሲያሳድደኝ የኖረው ይኸው ነው፣ ማወቅ አለማወቅህን አለማወቄ።

ታጣፊውን ፒንሳ የገዛህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ትርንጎ ገና ጡት አልጣለችም። ለወፍጮው ቺንጋ ልንገዛ ዳንግላ ወርደን አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ አየኸው፤ እጀታው ውስጥ ቢላዋ፣ መጋዝ፣ ካቻቢቴና ወስፌ የተደበቀበት፣ ታጥፎ ኪስ የሚገባ ፒንሳ። እኔ ልጅቱን ታቅፌ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። አንተ ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣሃቸው። የፒንሳውን አፍ ገጥመህ ወደ ፀሐይ ታነሳና በመሀሉ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ታያለህ። ስለቱን ከፍተህ ጆሮህ ላይ ትነቀንቀዋለህ። በብሎን የታሰረ ነው ወይስ በምስማር የተመታ ብለህ ባለሱቁን መከራ ታሳየዋለህ። ሰውዬው አሥራ አምስት ነገር የሚወጣው የሚያብረቀርቅ ሲያመጣልህ፣ ይህን የያዘ ሰው የሚፈልገው አንዱን ነው፣ ሲያገኘው ግን አሥራ አራቱን ከፍቶ ነው ብለህ መለስክለት። በመጨረሻ ያነሳኸው ከሁሉም መልከ ጥፉውን ነበር። መኪናው ሊያመልጠን ነው፤ እኔን ስትመርጥ እንኳ ይህን ያህል አልቆየህም ብዬ ተቆጣሁ። አንቺን በኪሴ አልይዝሽም ብለህ ሳቅህ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከቀኝ ኪስህ ተለይቶ አያውቅም። የጆንያ አፍ የሚፈታው እሱ፣ የወፍጮውን ብሎን የሚያጠብቀው እሱ፣ ከፈረሱ ኮቴ እሾህ የሚያወጣው እሱ። ስትዘጋው ቀጭ ይላል፤ ከቤት መውጣትህንም መግባትህንም በዚያ ድምፅ ነበር የማውቀው። ጎረቤት ፒንሳ ፈልጎ ሲመጣ እያወጣህ የምትላት ነገር ነበረችህ፤ ቤት የቀረ ፒንሳ የጎረቤት ነው። ሰው ሲቸግረው አጠገቡ የሌለ መሣሪያ የራሱ አይደለም ማለትህ ነበር።

የእኔ ጠብ ከኪስህ ጋር ነበር። ባሏ በተቀደደ ኪስ የሚዞር ልብስ ሰፊ ምን ትባላለች? ስንቱን ኪስ ደርቤ፣ ስንቱን ጠቅጥቄ ሰፋሁልህ። የአክስትህ ልጅ ሰርግ ሲደርስ ያን ጥቁር ኮት እጅጌውን አሳጥሬ፣ ተኩሼ ሰቀልኩት። ታጣፊው ውስጡ ስለነበር በቀኝ በኩል ወደ ታች ይጎትተዋል። የሸራ ገበር ብሰፋበት ይችለው ነበር፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግን የሚዜዎቹ ቀሚስ አላለቀልኝም ነበርና አንድ ሰዓት ሰሰትኩ። ታጣፊውን አወጣሁና የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ጋር አኖርኩት። አልነገርኩህም፤ ብነግርህ መልሰህ ትከተዋለህ። ሙሽራ አጃቢዎቹ ፈረሰኞች ደጅ ላይ ሲጠሩህ ኮቱን ጣል አድርገህ ወጣህ። ፈረስህ ላይ ስትወጣ ኮቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። አምሮብህ ነበር፤ በሥራዬ ኮራሁ።

የሆነውን ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ካልጻፍኩት እጄ አይቀጥልም። መስኩ ላይ ስትሽቀዳደሙ ፈረስህ ተደናቀፈና ወደቅህ። እግርህ ከእርካቡ አልወጣም። ፈረሱ ደንብሮ ከዳር እስከ ዳር እየጎተተህ ሮጠ። ይዘው ሲያቆሙት በሕይወት አልነበርክም። ቀድሞ የደረሰልህ ፈንታሁን ነው። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነገረኝ። ግራ እጅህ ላይ ልጓሙ እንደተጠመጠመ ነበር፤ ቀኝ እጅህ ግን ኪስህ ውስጥ። ጣቶችህን ከኪስህ ያወጣቸው እሱ ነው። የእርካቡ ጠፍር ደግሞ ያረጀ፣ ስለት አንድ ጊዜ ቢነካው የሚለቅ ነበር።

ፈረሱ ሲጎትትህ ታጣፊው ከኪስህ ወድቆ ነው አለ ፈንታሁን። ሌላ ምን ያስብ፤ ያለሱ አይቶህ አያውቅም። የዚያን ቀን ዝም ያልኩት አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። በማግስቱ ዝም ያልኩት ትናንት ዝም ስላልኩ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምክንያት አልፈልግለትም።

አርባህ በወጣ ማግስት መስኩ ላይ መፈለግ ጀመረ። በትር ይዞ ሣሩን እየገለጠ ሲዞር ይውላል። ሥራው ሲይዘው ተወው፤ ነገር ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው። በኋላ በሌላ መንገድም እንዲሁ መሄድ ለመደበት፤ ሰው ሐዘኑ አጎበጠው ይላል። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ነበር። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ለወንድሙም ንገሪው አሉኝ፤ እሱን አላደረግሁም።

ታጣፊውን በወር በወር ከመሳቢያው አወጣና ለስፌት መኪናዬ በማደርገው ዘይት እቀባዋለሁ። እንዳይዝግ። ለማን እንደማቆየው ብትጠይቀኝ አላውቅም። ስዘጋው ቀጭ ይላል። አንዳንዴ ሳልነካውም ቀጭ ይላል፤ ልብስ እየለካሁ ቀና እላለሁ፣ በሩ ላይ ማንም የለም። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሰምቼው ስሜን የጠሩኝ ያህል ደንግጬ ዞርኩ። የአንድ ሰውዬ የመነጽር ማኅደር ነበር።

ዘንድሮ ትርንጎ ሥራ ስትጀምር፣ ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን ተሸክማ ዳገት ከምትወጣ ኪሷ የሚገባ ነገር ፈለገች። እንደ አባየ ፒንሳ ያለ ነው የምፈልገው አለች። ለባለሱቆች ልታሳይ በልጅነት ያየችውን አስታውሳ በእርሳስ ሳለችው። ወስፌውን በግራ እጀታ ላይ አድርጋዋለች፤ እኔም ሳላስበው ወስፌው በቀኙ ነው ብዬ አረምኳት። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሻሼን እያስተካከልኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እዚህ ያሉትን ሱቆች ጨርሰን ዳንግላ ወረድን። ልጅህ አንዱን አነሳችና አፉን ገጥማ ወደ ብርሃን አየችው። ስለቱን ከፍታ ጆሮዋ ላይ ነቀነቀችው። ብሎኑን በጥፍሯ ዳሰሰች። ይህን ማንም አላስተማራትም ይሄነው፤ ያኔ ደፉ ላይ ጡት ትጠባ ነበር። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በአንድ እጅ ይከፈታል ወይ። ግራ እጄን ከወገቤ ኋላ አድርጌ የቀረበልኝን ሁሉ ሞከርኩ። ባለሱቁ፣ እናቴ ሌላው እጅዎ ምን ሆነ ብሎ ቀለደ። ትርንጎ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። በመጨረሻ ስለቱ ላይ ለአውራ ጣት ቀዳዳ ያለው፣ አንዴ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት አገኘንና ካልወሰድሽው አልወጣም አልኳት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆነን ነገረችኝ። የመስኩ ባለቤት ዘንድሮ መሬቱን ለድንች ሊያርሰው ነው። ፈንታሁን የወንድሜ ዕቃ አፈር ሳይገባ አንድ እሑድ ብቻ ታገሰኝ ብሎ ለምኖታል። ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈትቶ፣ በገመድ አስሮ ሣሩ ላይ ሊጎትተው ነው፤ እሷም ልታግዘው። የቀረውን መንገድ በመስኮት እያየሁ መጣሁ።

እሑድ ታጣፊውን በነጠላዬ ሥር ይዤ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት፣ እመነኝ። ፈንታሁን ጫማውን ጭቃ ውጦት፣ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ማግኔቱን ሣሩ ላይ መስመር በመስመር ይጎትታል። ፊቱ ላይ ያለውን ተስፋ ሳይ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ጣቴን ብፈታ ይወድቃል። እነሱ ያገኙታል፣ እሱም ቀና ይላል፣ ማንም አይጎዳም። ገና ያልደረሱበት ሣር ውስጥ ገባሁና ጣቴን ፈታሁ።

ሩብ ሰዓት አልቆየም። ማግኔቱ ላይ ሲለጠፍ ቀጭ አለ። ፈንታሁን ተንበርክኮ ሳመው፣ ስምህን ጠርቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እንባዬ ውሸት አልነበረም። ከዚያ ስለቱን ሳብ አደረገው። ሦስት ክረምት ሣር ውስጥ ከረመ የተባለ ብረት ሳያንገራግር ወጣ። ዘይቱ ጣቱ ላይ አብለጨለጨ። ትርንጎ ተቀብላው ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የስፌት መኪናዬን ዘይት ሽታ ታውቀዋለች፤ ያደገችበት ነው።

ሞኝነቴን አየህልኝ? እንዳይዝግ ስጠብቀው የኖርኩት ነገር አጋለጠኝ። ፈንታሁን ሣሩ ላይ ተቀመጠና አንድ ነገር ብቻ አለ። «እትዬ፣ ሦስት ዓመት መሬት መሬት ሳይ እያየሽኝ ነበር?» እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ኮቱን፣ የጎበጠውን ኪስ፣ የሚዜዎቹን ቀሚስ፣ መሳቢያውን። ሲያልቅ ገመዱን ጠቀለለና መሬቱን ማረስ ትችላለህ ሊለው ወደ ባለቤቱ ሄደ። ማክሰኞ የተተለተለ ቺንጋ ሊያሰፋኝ መጣ። ሌላ አልተነጋገርንም፤ ሲወጣ ግን ፊት ለፊቱን እያየ ነበር የሄደው።

ትርንጎ ያን ዕለት መስኩ ላይ ምን እንዳደረገች ልንገርህ። ታጣፊህን በቀኟ ይዛ፣ ግራ እጇን ኋላዋ አደረገች፤ ሱቅ ውስጥ እኔ እንዳደረግሁት። ልትከፍተው ታገለች። በአውራ ጣቷ ሞከረች፣ ጭኗ ላይ አሽታ ሞከረች፣ ጥፍሯ ተሰበረ። አልከፈት አላት። እያለቀሰች አየሽ እማየ አለችኝ፣ በአንድ እጅ አይከፈትም፣ ኪሱ ውስጥ ቢኖርም ምንም አያደርግለትም ነበር። አቀፍኳትና እውነትሽን ነው አልኳት።

ያስቀረሁት ነገር ይኼ ነው ይሄነው። ወፍጮ ቤት አንድ እጅህ ቺንጋውን ደግፎ፣ ታጣፊውን በሌላው አውጥተህ ስለቱን በጥርስህ ስትከፍተው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጥርስህን ትሰብረዋለህ እያልኩ እቆጣህ ነበር። ለትርንጎ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። እሷ እናቷን ነጻ አውጥታ እንቅልፏን ትተኛ። ይኼ በእኔና ባንተ መካከል ይቅር።

በሚመጣው እሑድ በዋናው በር ወጥቼ ሽማግሌውን እጅ እነሳቸዋለሁ። ትናንት ደግሞ ቀሚሴ ላይ በቀኝ በኩል ኪስ ሰፋሁ፣ ገበሩ ሸራ፣ ስፌቱ ድርብ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ በቃው። ታጣፊህ እዚያ ነው። ቀሚሴን በአንድ ጎን ይጎትተዋል፤ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሁሉ ያዩታል፣ ልብስ ሰፊዋ የራሷን ማስተካከል አቃታት ይሉ ይሆናል። ይበሉ። በተራመድኩ ቁጥር ጭኔን ሲመታኝ አንተን አስባለሁ፣ እስክከተልህም ድረስ ቤት አይቀርም።