የጣሉትን አፈር መልሰው የነፉት የመዝሙር ገብረ ኪዳን ሕይወት

አቶ መዝሙር ገብረ ኪዳን ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኪዳን ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል አየለ፣ ኅዳር 6 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የቁስቋም ክብረ በዓል ዕለት፣ በዚሁ በጎንደር ቁስቋም ሰፈር ተወለዱ።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከአባታቸው እግር ሥር ነው። በዲቁና እያገለገሉ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀዋል። ብራና ሲጽፉ አንዲት ነቁጥ አታመልጣቸውም ነበር፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤቱን ሲያምሱ ያየ ግን ይህን አያምንም።

በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ አምሳል ነጋ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

በ1990 ዓ.ም. ከትክል ድንጋይ ከተማ ማዶ ባለ ሸለቆ የጥንት አጥንት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ዓይኑ የሰላ ሰው ፈልገው አያ መዝሙርን ቀጠሯቸው። ሥራው አፈሩን በወንፊት አጥቦ፣ ከቀረው ውስጥ ጥቃቅን ጥርስ በወረንጦ መልቀም ነበር። ጥርሱ የአይጥና የመሰሎቿ መሆኑን ሲያውቁ ግን፣ ንዋየ ቅድሳት በሚይዝ እጃቸው ርኩስ እንስሳ መንካት ከበዳቸው። ለማንም ሳይናገሩ ከጥራጊው አፈር ጋር ይጥሉት ጀመር።

በዓመቱ ተመራማሪዋ ዶክተር ፀደንያ ለሠራተኞቹ ነገሩን አስረዱ። ትልቅ አውሬ አገር ያቋርጣል፤ አይጥ ግን ከተወለደችበት ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ቦታው ዱር ይሁን ሜዳ አጥብቃ የምትመሰክረው እሷ ናት። አያ መዝሙር ክው አሉ፤ ዓመት ሙሉ የጣሉት ምስክሩን ኖሯል።

ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አልነበረም። የነፍስ አባታቸውን አማከሩ፤ እሳቸውም የፈጣሪን ሥራ መመርመር እንደማያረክስ፣ ሥራን ደብቆ ማበላሸት ግን ንስሐ እንደሚያሻው ነገሯቸው። አያ መዝሙርም ሄደው ለዶክተሯ ተናዘዙ። ዶክተሯ አልተቆጡም፤ የተጣለው አፈር አለ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። ክምሩ እንዳለ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ መልሰው ነፉት።

በመጨረሻው ጆንያ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥርስ ተገኘች፤ ከዛፍ ዛፍ የሚዘል የትንሽ እንስሳ ጥርስ። ዛሬ ራቁቱን የቀረው ሸለቆ ጥንት ዱር እንደነበር በእሷ ታወቀ። ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ለቅመው በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሳለ ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ፣ እኛ ልጆቻቸው የዚያን ዓመት ጥፋት ልንተወው ፈልገን ነበር። እሳቸው ግን ከአልጋቸው ሆነው፣ አይረባም ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ እኔ ጥዬ አይቼዋለሁ አሉን። ስለዚህ ሳንቀንስ አነበብነው።

አባታችን ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳል፣ ልጆቻቸው ዝማሬ፣ ማስተዋልና ተክለ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆች አሏቸው። ላስታመማችሁልንና ለሸኛችሁልን ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው።

ከምድር ትቢያ ትንሿን እንኳ የማይጥል አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይልቀምልን። አሜን።