የውስጥ ኪሱ ቁልፍ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። ክፉ አይይሽ፤ የምትረግጪው ሁሉ ይጽናልሽ። እኛ ደህና ነን። ብቻ የዱር እንስሳት ለማየት ወደ ሩቅ ደሴቶች በመርከብ ልሄድ ነው ካልሽኝ ወዲህ ከስፌቴ ቀና አላልኩም።

የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ባሕሩን በስልኩ አሳየኝ። «ጸጥ ያለ እኮ ነው» ይለኛል። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ እሱ ምን ያውቃል! እንስሳቱም ሰው ስለማያውቁ አይሸሹም ብለሽኛል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እባክሽ ከሩቅ እያቸው።

የሰፋሁልሽ ጃኬት በዚህ ሳምንት ይደርስሻል። መጀመሪያ ጥጥ ሞልቼው ነበር። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ጣልኩት። ሰመጠ። እኔም አብሬው የሰመጥኩ መሰለኝ። ወዲያው ተርትሬ ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ አደረግሁበት፤ አሁን ይንሳፈፋል። አባትሽ «የምትሰፊው ጃኬት ነው ወይስ ጀልባ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ! ቀይ ያደረግሁትም ለጌጥ አይደለም፣ ከሩቅ እንድትታዪ ነው። ቢሆንም መርከቡ ላይ የሚሰጡሽን መንሳፈፊያ ደርቢበት።

የውስጥ ኪሱን ቁልፍ አልተከልኩትም፤ እዚያው ኪሱ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የረሳሁት እንዳይመስልሽ። ያላለቀ ልብስ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ይሄን ግን ሆን ብዬ ነው።

የባሕሩ ጌታ ማዕበሉን ያስተኛልሽ። አደራሽን፣ ቁልፉን ማንም እንዳይተክልልሽ፤ ይዘሽልኝ ነይ። መርፌው ክር ገብቶለት ይጠብቅሻል።

እናትሽ