መገልበጡ ጨዋታ መሆኑን

ልጄ፣ በድለኸኛል። ባለፈው መጥተህ ታናሽ እህትህን ካያክ የምትሉትን ታንኳ መቅዘፍ ስታሰለጥናት፣ ሆን ብሎ መገልበጥ የጨዋታው ክፍል መሆኑን አልነገርከኝም። ወንድምህ የሰጠመው ታንኳ ተገልብጦበት መሆኑን እያወቅህ።

በአፍሪካ ከአገር አገር ዞረህ ስታሰለጥን ፈጣሪ ይከተልህ። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት።

እህትህ በተወዳደረችበት ቀን ከነካያኳ ውሃ ውስጥ ስትዘቀዘቅ አይቼ ከነጫማዬ ገባሁና ጎትቼ አወጣኋት። ዳኛው፣ «አባባ፣ ልጅቷ እኮ ነጥብ እየሰበሰበች ነበር» ብሎ ሳቀብኝ። እሷም በእኔ መግባት የተነሳ ከውድድሩ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እኔም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ነገም ብትገለበጥ እገባለሁ።

ለሚቀጥለው ውድድር አንተ ዘንድ ትመጣለች። እባክህ፣ ከምትገለበጥበት ዝቅ ብለህ፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል ቁምላት። የምትገቡበት ውሃ ሁሉ በሰላም ያውጣችሁ።

ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሳውም፤ አንተም አታንሳብኝ።

አባትህ